ወንበር ለመለካት ቦንጋ ድረስ

ለክረምት ድሬዳዋ ስገባ አክስቴ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ «ካፋ ድረስ ሄድሽ አሉ፣ ምን ልትሠሪ ነው?» አለችኝ። ወንበር ልለካ አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ጅማ ወንበር ጠፋ?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ያንኑ ሲጠይቀኝ፣ አንዴ ጽፌ ብገላገል ይሻላል ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። ወደዚያ ለማትሄዱት የሰፈሬ ሰዎች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅማ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቲቸር ሰብለ የምትባል መምህራችን፣ ሰዎች በሥራ ቦታቸው እንዴት እንደሚቀመጡ፣ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያገኙና ምን ያህል ጫጫታ እንደሚሰሙ ታጠናለች። ረዳቷ የነበረው የአራተኛ ዓመት ተማሪ ወባ ያዘውና ምትክ ፈለገች። እኔ ሁልጊዜ ፊት ለፊት እየተቀመጥኩ የተባለውን ሁሉ ስለምጽፍ ተመረጥኩ። የዶርም ጓደኞቼ «ዕቃ ተሸካሚ ፈልጋ ነው» አሉ። አልተሳሳቱም። ሜትሩንም፣ የብርሃን መለኪያውንም፣ የድምፅ መለኪያውንም የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ቲቸርን «አንቺ» የምላት ደግሞ በድሬ ልማድ ደፍሬ አይደለም። «እርስዎ» ስላት «ምነው፣ አያትሽን መሰልኩሽ?» ብላ ከልክላኝ ነው።

ሰኞ

ከጅማ ቦንጋ የሚሄደውን ቅጥቅጥ አውቶቡስ መቀመጫ የሠራው ሰው፣ ሰው ጉልበት እንዳለው የነገረው ያለ አይመስለኝም። እኔ አጭር ስለሆንኩ እንደምንም ገባሁ። ቲቸር ግን ረጅም ናት። ጉልበቷ ከፊቷ የተቀመጡት ሰውዬ ጀርባ ላይ ተጣበቀ። ቆይተው ሰውዬው ዞር አሉ። ሊቆጡ ነው ብዬ ስሸማቀቅ፣ «እህቴ፣ ትንሽ ወደ ግራ ብታደርጊልኝ። የሚያመኝ እዚያ ጋ ነው» አሏት። ቲቸር ስለ ትክክለኛ አቀማመጥ የሚያስረዳ መጽሐፍ ይዛ ነበር። ቦንጋ እስክንደርስ አልገለጠችውም።

ሾፌሩ ዘፈኑን መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ከፍቶታል። ለልምምድ እንዲሆነኝ የድምፅ መለኪያውን አወጣሁ። ረዳቱ አየኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የድምፅ መለኪያ።»

ረዳቱ ሄዶ በሾፌሩ ጆሮ ሹክ አለ። ዘፈኑ ጠፋ። ከኋላ አንድ ሰው «ከመንግሥት ናቸው» ሲል ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ተሳፋሪው በሙሉ ዝም አለ። የሚያስሉት እንኳ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነው። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በእኔ ምክንያት እንደ ቤተክርስቲያን ጸጥ ብሎ ሲጓዝ አፈርኩ። መሣሪያውን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ዘፈኑ ግን አልተመለሰም።

ጎጀብ ወንዝ ዳር ስንወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝና ደስ አለኝ። ለአፍታ የድሬ ሰው ሆንኩ። ሌሎቹ በወረቀት ሲያራግቡ እኔ ሹራቤን አወለቅኩና ፈገግ አልኩ። ደስታዬ ግን አልቆየም። መንገዱ ወደ ላይ ሲወጣ ጫካው ከሁለቱም በኩል ዘጋን፣ ዝናቡም ጀመረ። ድሬ ዝናብ ሲዘንብ ስልክ ደውለን እንነጋገርበታለን። ቦንጋ ግን ስልክ የሚደወለው ፀሐይ ስትወጣ ሳይሆን አይቀርም።

ከተማው ውስጥ ስልጠና ስለነበር ሆቴሎቹ ሞልተዋል። የቲቸር ጓደኛ የጠቆመችን እትዬ አስካለች የሚባሉ ሴት ግቢያቸው ውስጥ ክፍል ሰጡን። ገና በሩ ላይ ሳለን ጫማዬን አይተው «ይኼ ጫማ ነው?» አሉ። ሸበጥ ነበር። የራሳቸውን ቦቲ አምጥተው አጠለቁልኝ። በሁለት ቁጥር ይበልጠኛል። እስከ ዓርብ ቦንጋን እንደ ዳክዬ እየተራመድኩ ጎበኘሁት።

እራት ቆጮ በጎመን ነበር። በፉልና በሳምቡሳ ያደገ ጥርስ ቆጮ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ አስተናጋጄን ላለማስቀየም በትልቁ ጎርሼ መዋጥም መመለስም አቃተኝ። እትዬ አስካለች አይተው «ልጄ፣ አትታገይው። ማር አስነኪው» አሉና ማሩን አቀረቡልኝ። በማር ሲሆን ሦስት ጊዜ አስጨመርኩ።

ከእኛ ጋር የእትዬ አስካለች ታናሽ እህት ወይንሸት ተቀምጣለች። በግራዋ በኩል ሆኜ ሁለት ጊዜ አናገርኳት። አልመለሰችልኝም። ኩሩ ናት ብዬ ተውኩ። በኋላ እትዬ አስካለች «በቀኝ በኩል ዙሪላት፣ ያኛው ጆሮዋ ደክሟል» አሉኝ። ወይንሸት ማክሰኞ ልናጠናው የነበረው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት።

ጊዜው ቢፒአር የሚባለው የአሠራር ለውጥ በየመሥሪያ ቤቱ የገባበት ነበር። ድሬም አይታችሁታል። ግድግዳ ይፈርሳል፣ ሠራተኛው ሁሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ ይደረደራል፣ አለቃውም «የሥራ ሂደት ባለቤት» ይባላል።

«ግድግዳው ሲፈርስ ለእኔ የደረሰኝ መስኮቱ ሥር ነው» አለች ወይንሸት። «ከመስኮቱ ውጭ ጀኔሬተሩ አለ። መብራት በሄደ ቁጥር ይነሳል። መብራት ደግሞ መሄድ ሥራው ነው። የሚያዙኝ ሌላ፣ እኔ የምጽፈው ሌላ። በግምገማ 'ጥንቃቄ የጎደላት' አሉኝ። ዓርብ ራቅ ወዳለው ወደ ቢታ ገነት ልዛወር አልዛወር ይወሰናል።»

«ቢታ ገነት መጥፎ ነው እንዴ?» አልኳት።

«ምን በወጣው! ጥሩ አገር ነው። ልጆቼ ግን የሚማሩት እዚህ ነው። አባታቸው የለም። ትቻቸው ልሂድ ወይስ አስኳላቸውን አስጥዬ ይዣቸው ልሂድ?» ከዚያ ወደ ቲቸር ዞረች። «ጀኔሬተሩ ነው ስላቸው አለቃችን አቶ ደመቀ 'ጥናት ይምጣና ይወስን' አሉ። እንግዲህ ጥናቱ እናንተ ናችሁ።»

ቲቸር የጎረሰችውን ዋጠች። «ወይንሸት፣ እኔ የማገኘውን ነው የምጽፈው። ደህና ሆኖ ካገኘሁት ደህና ነው ብዬ ነው የምጽፈው።»

«ደህና ሆኖ አታገኚውማ!» ብላ ሳቀች።

ማክሰኞ

ደህና ሆኖ አገኘነው።

የትብብር ደብዳቤያችን ቀድሞን ስለደረሰ ሁሉም ተዘጋጅቷል። ወለሉ ታጥቧል፣ መጋረጃው ተሰብስቧል፣ ጠረጴዛው ሁሉ ላይ አበባ አለ። ሠራተኞቹ ቆመው ተቀበሉን። አቶ ደመቀ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። ቲቸርን «እንኳን ደህና መጡ፣ ዶክተር» አሏት። «ዶክተር አይደለሁም፣ ገና ነኝ» አለች። «እሺ፣ ዶክተር» አሉ።

እኔ ደግሞ ፈጥኜ ደስ ላሰኛቸው ብዬ «አንተ ነህ ኃላፊው?» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ቲቸር በክርኗ ጎሸመችኝ። እናንተ ታውቁኛላችሁ፣ ድሬ ከንቲባውንም እንዲሁ ነው የምንለው። አቶ ደመቀ ግን ሳቁ። «የድሬ ልጅ ነሽ! እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» አሉና ከአዳራሹ ሁለቱን ምርጥ ወንበሮች አስመጥተው አስቀመጡን።

ችግሩ የጀመረው እዚያ ጋ ነው። እኛ ስንቀመጥ ሌላው ሰው ቆመ።

«እባካችሁ ተቀመጡ፣ እንደ ሁልጊዜው ሥሩ» አለች ቲቸር።

«ኧረ እንግዳ ባለበት!»

እሷ ተነሳች። ሁሉም «ኧረ በእግዜር!» ብለው አስቀመጧት። ሜትሬን ይዤ በየጠረጴዛው ዞርኩ። የማገኘው ባዶ ወንበርና አጠገቡ እጁን አጣምሮ የቆመ ሰው ነው። የተቀመጠችው ወይንሸት ብቻ ናት። እሷንም አቶ ደመቀ የራሳቸው ተሽከርካሪ የቆዳ ወንበር ላይ አስቀምጠዋታል። እግሯ መሬት አልደረሰም። በዓይኗ ትለምነኛለች።

ከዚያ መብራት ሄደ። ወይንሸት ፊቷ በራ። እኔም የድምፅ መለኪያውን ደግኜ ጠበቅኩ። ምንም የለም። ጠበቅን። የሚሰማው የወፍ ድምፅ ነው።

«ጀኔሬተሩ አይነሳም?» አለች ቲቸር።

«እንግዳ ተቀምጦ ጀኔሬተር?» አቶ ደመቀ ደነገጡ። «ነውር ነው፣ ዶክተር! እንዴት እንጨዋወታለን?»

ሰውዬው እያታለሉን አልነበረም። ቢሆኑ ይቀል ነበር። ከልባቸው ነው ያከበሩን። በመጨረሻ ማር የተሞላ ቅል ሰጥተው ሸኙን። በመንገድ ላይ ቲቸር የለካሁትን አየችና «በዚህ መሠረት ይህ መሥሪያ ቤት ለጤና ተስማሚ ነው» አለች። ማሩን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። በጣም ይከብድ ነበር።

ረቡዕ

ወይንሸትን ቁርስ ላይ ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። እትዬ አስካለች «አይዟችሁ፣ ብሉ» እያሉ ሳህናችንን ሞሉት።

በዕለቱ የሄድነው ሺሺንዳ ነው። ጋሽ ኃይሌ የሚባሉ ሰው የቡና መቀሸሪያ፣ ማለት ገለባውን የሚያስለቅቅ ወፍጮ አላቸው። መንገዱን በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ፣ እኔ ማርሹ ላይ ተቀምጬ ሄድን። ሾፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር «ይቅርታ፣ የኔ እህት» ይላል። ዳገቱ ላይ ይቅርታው በዛና «በቃ፣ አንዴ ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።

ወፍጮው ከሩቅ ይሰማል። በሩ ላይ ስንደርስ ጋሽ ኃይሌ አዩንና ማሽኑን አጠፉ።

«እንደምን ዋላችሁ! ግቡ፣ ግቡ!» አሉ። ማሽኑ ቢጠፋም የሚናገሩት በጩኸት ነው።

«ጋሼ፣ የማሽኑን ድምፅ ልንለካ ነው የመጣነው» አለች ቲቸር።

«እሺ፣ ይለኩ! ዝም አሰኝቼዋለሁ!»

«አይ፣ ሲሠራ ነው የምንፈልገው።»

አስነሱት። ቲቸር በስንት ሰዓት ሥራ እንደሚጀምሩ ለመጠየቅ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች። አጠፉት። «ምን አሉኝ?» አሏት። ጠየቀች፣ መለሱ፣ አስነሱት። እኔ «መሣሪያውን ላስተካክል» ልል አፌን ገና ስከፍት አጠፉት። እንዲህ ስንል ምሳ ደረሰና ባለቤታቸው ጎደሬ ከነትኩሱ አመጡ። እየበላን ሳለ አንድ ገበሬ ጆንያውን ተሸክሞ ገባ። ጋሽ ኃይሌ ቀና ብለውም አላዩት። ማሽኑን አስነሱና ቡናውን ይቀሽሩ ጀመር። ሰውዬው ወደ ጆሯቸው ጮኸ፣ አልሰሙትም፣ መልሶ ጮኸ። ገበሬው ቆሞ፣ አቧራ ለብሶ፣ ማሽኑ እስከ መጨረሻው ሠራ። እኔ በአንድ እጄ ጎደሬ፣ በሌላው የድምፅ መለኪያ ይዤ ለካሁ። ቁጥሩ ለጆሮ ደህና ከሚባለው በጣም ይበልጥ ነበር።

ስንመለስ ጋቢናው ውስጥ ቲቸር በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች።

«ቲቸር» አልኳት፣ «ለገበሬው ማሽኑ አልጠፋም።»

«አይቻለሁ።»

«እንግዳ ስላልሆነ ነው። ባለጉዳይ ነው።»

ዞር ብላ አየችኝ። «ነገ አንቺ ባለጉዳይ ነሽ» አለች።

ሐሙስ

ቲቸር ግን ተደብቆ የተለካ ነገር ጥናት አይባልም ብላ ስለምታምን፣ ጠዋት አቶ ደመቀን ስልክ ደውላ «በመሀል ሳናስታውቅ ተመልሰን ብንለካስ?» አለቻቸው። «ቤታችሁ ነው! በማንኛውም ሰዓት!» አሉ። ወይንሸትም ተነግሯት እሺ ብላለች። እኔ ሻሽ አሰርኩ፣ ከእትዬ አስካለች የተበሳ ጃንጥላና የተጨማደደ ክላሰር ተዋስኩ። ድምፅ መለኪያው በፌስታል ውስጥ ነው፣ ማይኩ ብቻ ብቅ ብሏል። በዚያ ቦቲ ላይ ምንም መጨመር አላስፈለገም።

ወረፋ ያዝኩ። አንድም ሰው አላየኝም። አበቦቹ የሉም። መጋረጃው ግማሹ ተዘግቶ ግማሹ ተቀዷል። ወይንሸት ከአንዱ እግሩ ሥር ካርቶን የተጠቀጠቀበት ወንበር ላይ ጎብጣ ተቀምጣለች። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ኮምፒውተሯ ላይ ስለሚያርፍ በአንድ እጇ እየከለለች በሌላው ትጽፋለች። የቆዳው ወንበር ወደ ባለቤቱ ክፍል ተመልሷል። ግድግዳው ሁሉ ሲፈርስ የአቶ ደመቀ ክፍል ብቻ ከነግድግዳውና ከነበሩ ተርፏል።

መብራት ሄደ። ጥበቃው ወጣ። ከዚያ ጀኔሬተሩ ተነሳ።

መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ጥርሴም አብሮ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጮህ ጀመረ፤ ማንም ግን አልተቆጣም፣ የለመደ ነው። ከፊቴ የነበሩ ሽማግሌ ስማቸውን ሦስት ጊዜ ጮኸው ተናገሩ። ወይንሸት በቀኝ ጆሮዋ እየዞረች፣ እያጎነበሰች፣ እንደገና እየጠየቀች ትጽፋለች። ፌስታሌን ወደ ጠረጴዛዋ ጠጋ አድርጌ ለካሁ። አቶ ደመቀ ከክፍላቸው ወጡ፣ አጠገቤ አለፉ፣ ትከሻዬን ገፋ አድርገው «መንገድ አትዝጉ፣ እናንተ ሰዎች!» አሉና ሄዱ። በጣም ደስ አለኝ። ማክሰኞ ወንበር ያስመጡልኝ ሰው ናቸው።

ጠዋቱን ሙሉ ቆምኩ። ማንም ተቀመጪ አላለኝም። ወረፋዬ ሲደርስ ሠራተኛው «ምንድን ነው ጉዳይሽ?» አለኝ። በጀኔሬተሩ መሀል «ጉዳይ የለኝም!» ብዬ ጮኽኩ። እሱም ክላሰሬን አየና «ሰኞ ተመለሺ!» ብሎ ጮኸ።

ዓርብ

ስብሰባው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የስብሰባ ክፍሉም ፈርሷል። እኛ ጥናቱን አቅርበን በእኩለ ቀን አውቶቡስ ልንመለስ ነው። እንደገና ምርጦቹ ወንበሮች መጡ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊዋ ናት። ስለዚህ ወይንሸት የራሷን መዛወር የሚወስነውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ልትይዝ ብዕሯን አዘጋጅታ ተቀመጠች።

ቲቸር ስለ ጫጫታው፣ ስለ ብርሃኑና ስለ ወንበሩ ያገኘነውን በቀላል ቋንቋ ተናገረች። ሐሙስ እንዴት እንደለካነውም ነገረቻቸው። አቶ ደመቀ ከዚያ ሁሉ የያዙት አንድ ነገር ነው።

«ይቺ ልጅ ጠዋቱን ሙሉ ቆመች?»

«አዎ፣ ዋናው ነገር ግን የጀኔሬተሩ ድምፅ...»

«እንግዳችንን አቁመን? እኔም አየኋት?»

«ገፋኸኝም» አልኩ። አምልጦኝ ነው። ቲቸር ዓይኗን ጨፈነች። አቶ ደመቀ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ዝውውሩን የሚወስነው ኮሚቴ አባል አቶ አድማሱ ግን ቀላል ሰው አይደሉም። «ጀኔሬተሩ የሚጮኸው ለሁላችንም ነው። ለምን እሷ ብቻ ትሳሳታለች?» አሉ።

ልክ በዚያን ጊዜ መብራት ሄደ። ጥበቃው ከበሩ ሆኖ አቶ ደመቀን አየ። አቶ ደመቀ እኛን አዩ።

«ይነሳ» አለች ቲቸር። «ዛሬ እንደ ባለጉዳይ ቁጠሩን።»

ተነሳ። ስብሰባው ቀጠለ። አቶ አድማሱ ጮኹ፣ ሌላዋ አባል መለሰች፣ አቶ ደመቀ ጠረጴዛ መቱ። እኔ የማየው የሚከፈትና የሚዘጋ አፍ ነው። ከዚያ አቶ አድማሱ እጃቸውን አወጡ። ሌሎቹም ተከትለው አወጡ። ወይንሸት አንገቷን ደፍታ ቆየች። አቶ ደመቀ በእጃቸው ምልክት ሰጡና ጀኔሬተሩ ጠፋ።

«በይ፣ የተወሰነውን አንብቢው» አሉ።

ወይንሸት ቀና አለች። «'ጥናቱ ቀረበ። አቶ አድማሱ ጥያቄ ጠየቁ።' ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የለም። እጅ ሲወጣ አይቻለሁ። ለምን እንደወጣ አልሰማሁም።»

«እንዴት አትሰሚም?» አሉ አቶ አድማሱ። «ትዛወር ብለን ነው!»

«ትዛወር?» አለች ሌላዋ አባል። «እኔ ወንበር ይገዛላት ለሚለው ነው ያወጣሁት!»

ሦስተኛው ሰውዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ለሻይ ዕረፍት መስሎኝ ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት አቶ ደመቀ ናቸው። ሆዳቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። አቶ አድማሱም እየተቆጡ ቆይተው ሳቁ። «እሺ፣ መዛወሩ ይቅር» አሉ አቶ ደመቀ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ግን የት ትቀመጥ? ግድግዳ ያለው ክፍል ከየት ላምጣ?»

ወይንሸት ብዕሯን ዘጋች። ያየችው እሳቸውን አይደለም፣ እኛን ነው። «አለ፣ አቶ ደመቀ» አለች። «የእርስዎ ቢሮ ሰፊ ነው። ሁለት ሰው ይይዛል።»

ይህን ሰኞ ብትጠይቅ «ይታያል» ይባልና ይቀር ነበር። አሁን ግን ሁለት እንግዶች በሁለቱ ምርጥ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው የአቶ ደመቀን አፍ እያዩ ነው።

«እንግዳ ፊት ምን እላለሁ?» አሉ አቶ ደመቀ። «ይሁን። ከሰኞ ጀምሮ።»

«ዛሬ ቢሆን ደስ ይለኛል» አለች ወይንሸት።

«...ዛሬ።»

ቲቸር ሰዓቷን አየችና ልንሄድ ቦርሳዋን አነሳች። ወይንሸት ከአቶ ደመቀ ጀርባ ሆና ጭንቅላቷን በቀስታ ወዘወዘች። ቲቸር ቦርሳዋን መልሳ መሬት አስቀመጠች። እኔም ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

ጠረጴዛው በአቶ ደመቀ በር አልገባ አለ። ጥበቃውና አቶ አድማሱ ገለበጡት፣ በጎን አዞሩት። ከተቀመጥኩበት ሜትሬን ወርውሬላቸው ለኩት፤ አንዱ እግሩ መፈታት ነበረበት። መፍቻ ፍለጋ ሰው ተላከ። ከመናኸሪያው በኩል የአውቶቡሱ ጥሩምባ ሲሰማ ጠረጴዛው ገና ግማሹ ውጭ ነበር።

«ዶክተር፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጣችሁ» አሉ አቶ ደመቀ፣ ተስፋ ባለው ድምፅ።

ቲቸር ወንበሯን ወደፊት ሳብ አደረገች። «ግድ የለም» አለች፣ «ሻይ ካለ እንጠጣለን።»